ሥዕል ያለበት ከረጢት

ባልዲውን በአንድ እጁ፣ የጨው መለኪያውን በሌላው እንደያዘ የጓሮው በር ላይ ክው ብሎ ቀረ። በጋምቤላ ሙቀት የተነነውን ለመተካት የጨመረው ውኃ በዝቶ፣ ሳሎን ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ጨው አንሷል፤ አበባ መሳዩ የባሕር ፍጥረት ኮራሉ ተኮራምቷል፣ ቀይዋ የባሕር ዓሣም ጥግ ይዛለች። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያስመጣው የባሕር ጨው ከረጢት ግን ባዶውን ከአማቱ እግር ሥር ተጋድሟል። እሳቸው የባሮን ወንዝ ዓሣ ዘልዝለው፣ በጨው አሽተው፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተውታል።

«እማማ… ይሄን ጨው…»

«ተባረክ ልጄ! ሥዕሉን ሳይ ለዓሣ የተሠራ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። አገር ቤት ስገባ ቋንጣውን እያበላሁ አስመርቅሃለሁ።»

የሚስቱን እናት ምን ብሎ ይቆጣ? ከረጢቱ ላይ እኮ በእርግጥም ዓሣ ተስሏል። ፊቱ ሲጠቁር አይተው በአገጫቸው ወደ ሳሎን ጠቆም አደረጉና የቀረችውን እፍኝ ጨው ዘረጉለት።

«ምነው ከፋህ? ለዚያች ለቀይዋም አስቀርቻለሁ። በል አውጥተህ አምጣትና ልሻት።»

ጨዉን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«የእሷን ለእኔ ይተዉልኝ!» አለና ወደ ሳሎን ሮጠ።