የተናደደ ይቀመጣል

የዶዘሩ ሞተር ገና ሲነሳ ሥጋ ሻጩ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«እንዴ! ገና ምን ተነካና?» አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከዶዘሩ ሳትነቅል።

«የዚያን ካቦ ሳቅ አላየሽውም?»

የሰፈሩን ምንጭ የሚጠብቀው ማኅበር ደንብ ነው፤ የተናደደ ይቀመጣል። ሥጋ ሻጩ ደግሞ ንዴቱ ከራሱ ቀድሞ ከእንቅልፍ የሚነሳ ሰው ነውና፣ ማኅበሩ በየስብሰባው የሚያውቀው ከወገቡ በላይ ብቻ ነው።

ደንቡን ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከእናቷ ቤት። እናቷ ልጆች ሲጣሉ ፊት ለፊት መሬት ላይ ታስቀምጣቸውና የተጣሉበትን ነገር በመካከላቸው ታኖረዋለች። የሁለቱም ንዴት ሳይበርድ ማንም አይነካውም፤ ማንም አይነሳም። «በንዴት የተጸለየ ጸሎት እርግማን ነው» ትል ነበር። ማኅበሩ መጀመሪያ ሳቀባት። ኋላ ግን የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም አባቶች ነገሩን ወደዱትና ደንብ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ሰፈሩ ምንጩን ከጀርባው አድርጎ ቆሟል። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር የሚጠጣው ከዚያ ነው። አንዱ ልጁን ያጠምቅበታል፣ ሌላው ለስግደት ይታጠብበታል፤ በዙሪያው ያሉትን ዛፎችም ጎን ለጎን ሆነው የተከሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ካቦው ግን በላዩ መጋዘን ሊያቆም አፈር አስጭኖ መጥቷል። ጉዳዩን ነገ ዳኛ ያየዋል። ዛሬ ከተደፈነ ዳኛው ምኑን ያያል? ከካቦው ኋላ ዱላ የያዙ ዘበኞች ተደርድረዋል። የሚጠብቁት አንዲት ድንጋይ ናት፤ ከሰልፉ አንድ ሰው ከወረወረ ሁሉንም ለመበተን ሰበብ አገኙ ማለት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም ፊት ቆማ በልቧ እየጸለየች ነው። ዶዘሩ ሲቀርብ የፀሐይዋ ነጸብራቅ ከመስታወቱ ላይ ዞር ሲል ሾፌሩን አየችው። ጸሎቷ ከመሃል ተቆረጠ።

ማሙሽ ነው። እናታቸው ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችው፣ ኋላም ለእሱ ስትል ትዳር ያለፋት ታናሽ ወንድሟ። ጢም አብቅሎ፣ ልጆች ወልዶም ለእሷ ያው ማሙሽ ነው።

እሱም አያት። ዶዘሩን አቁሞ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«እትዬ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጥያቄው የእኔ ነበር።»

«ተይ፣ በእናታችን ዞር በይልኝ። እኔ ባልደፍነው ሌላው ይደፍነዋል።»

«ሌላው የእናቴ ልጅ አይደለም። ለነገ ብቻ ታገሥ፤ ዳኛው ይየው።»

«ቆመህ ምን ታወራለህ!» ሲል ካቦው ከኋላ ጮኸ። «ወይ ንዳ፣ ወይ ውረድና ሂድ! ሾፌር እንደሆነ ሞልቷል!»

የማሙሽ ፊት ጠቆረ። «አንቺ ምን አለብሽ» አላት። «ልጅ የለሽ። የኔዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል።» መስኮቱን ዘጋው።

ልጅ የለሽ። ለማን ስትል ነው የሌላት? ደሟ ፈላ። መቼ ጎንበስ እንዳለች አታውቅም፤ ብቻ እጇ ውስጥ ድንጋይ አገኘች። የሰልፉ ጎረምሶች እጇን እያዩ ነው፤ ዘበኞቹም። እሷ ከወረወረች ሁሉም ይወረውራል።

ተቀመጠች።

ደንቡን ያመጣችው ራሷ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደ ልጅ መሬት ላይ። እፍረቱ ንዴቷን አባሰው።

«ተነሺ!» ሥጋ ሻጩ ጮኸ። «ከብረቱ ሥር ነሽ! ከላይ አያይሽም!»

እውነቱን ነው። የዶዘሩ የፊት ብረት ከተቀመጠ ሰው ይበልጣል፤ ማሙሽ ከወንበሩ ሆኖ የሚያየው ባዶ መሬት ነው። ልትነሳ አሰበች። ግን አልበረደላትም። ድንጋዩ አሁንም እጇ ውስጥ ነው፤ ከተነሳች እንደምትወረውረው ታውቃለች።

ሰንሰለቱ ተንቋቋ። መሬቱ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ። ብረቱ የገፋው አፈር ጫማዋን ሸፈነ፣ ቁርጭምጭሚቷን ዋጠ። ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ሞተሩ ጠፋ።

ማሙሽ በብረቱ ጎን ዞሮ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል። መጀመሪያ አፈር የዋጠውን እግሯን አየ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን።

«ከሰዎቹ መሃል ፈለግሁሽ» አለ። «ፈልጌ አጣሁሽ።» ድንጋዩን እንደገና አየና፣ «ተናደሽ ነው?»

«አዎ።»

«በእኔ?»

«በማን ሊሆን ኖሯል!»

«ቁልፉን ይዘህ ወዴት ነው?» ካቦው እየሮጠ ነው። «አምጣው ቁልፉን!»

ማሙሽ ዞሮ አላየውም። ፊት ለፊቷ አፈሩ ላይ ተቀመጠና እግሩን እንደ ልጅነቱ አጣጠፈ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመካከላቸው አኖረው። ሥጋ ሻጩ እንደተቀመጠ እየተጎተተ ቀረባቸው፤ ከእሱ ኋላ አባቶቹ፣ ከአባቶቹ ኋላ ሰልፉ በሙሉ መቀመጥ ጀመረ።

ካቦው ደርሶ በላያቸው ቆመ።

«በረደልህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን።

«ኧረ ገና ነው» አለ ማሙሽ፣ ዓይኑን ከቁልፉ ሳያነሳ። «እስከ ነገም የሚበርድልኝ አይመስለኝም።»

ድንጋዩን ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጠችው።