የሐኪሙ ፊሽካ

በ1963 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች ኳስ ሊገጥሙ ዳኛ ጠፋ። ቢቸናዎች የሞጣ ሰው አይዳኘንም አሉ፤ ሞጣዎችም የቢቸናን። በመጨረሻ፣ ግጥሚያው ሳምንት ሲቀረው፣ ገብረ ክርስቶስ በሚባል ድሬሰር ተስማሙ። ቢቸና ክሊኒክ የተመደበ ነው፤ ሰዉ ሐኪም ይለዋል። አገሩ ሐረር፣ እዚህ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ የሌለው።

ወይ አለመታደል!

ሜዳው ዳር አንድ ሻምበል ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ለጦር ሠራዊት ቡድን ተጫዋች ሊመለምል ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። የምወስደው ያሸናፊውን አምበል ብቻ ነው ብሎ አስቀድሞ ቁርጡን አሳውቋል።

የቢቸናው አምበል ውበቴ ለዚህች ቀን ሲል እንቅልፍ አጥቶ ነበር የከረመው። እናቱ ፋንታነሽ ታላቅ ልጇን ውትድርና ስለወሰደባት አሻፈረኝ ብላ ነበር። ልጁ ሚስት እንደሚያጭ ሰው ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌ ደግሞ እንዴት ባዶውን ይመለሳል? «እሺ፣ ካሸነፈ ይሂድ» ብላ ቃሏን ሰጠች።

ጨዋታው ሳይሞቅ ሐኪሙ አስጠላ። ውበቴ ኳስ በነካ ቁጥር ፊሽካ። ሲወድቅ ፊሽካ፣ ሲነሳ ፊሽካ። «ተነሳ፣ አንተ ልፍስፍስ!» እያለ ይስቅበታል። ያገባትን ንጹሕ ግብ ሻረበት። ልጁ ምን አጠፋሁ ቢለው፣ «ዝጋ!» ብሎ እግሩ ሥር እንትፍ አለ። ይኼ ሰው ቁስል ያጥባል ሲባል አያቅለሸልሽም?

ቀስ በቀስ ጨዋታነቱ ቀረ። የቢቸና ልጆች ኳሱን ትተው እግር ይጠልዙ ጀመር። ሞጣዎቹም ፊሽካውን ስለለመዱት ማንም ሳይነካቸው ይወድቃሉ። ልጆች ነበሩ እኮ!

«አብልተውታል!» አሉ የቢቸናው መምህር ወልደ ኪዳን። «ትናንት ከሞጣው መምህር ጋር ጠጅ ቤት አይቼዋለሁ።»

የፋንታነሽ ግን የብቻ ነበር። ነጠላዋን አገልድማ ሜዳው መሐል ገባችበት። «አንተ ሆዳም! ሰኞ መርፌ የወጋኝ እጅህ ይቆረጥ! የልጄን እንጀራ ዘጋህ!»

ሽማግሌዎቹ እያዘኑላት ጎትተው አወጧት።

ሊያልቅ ሲል ውበቴ እያለቀሰ የሐኪሙን እጅ ያዘ። ሐኪሙ ይህንኑ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ከሜዳ አባረረው። ወዲያው ሞጣ አንድ አገባና አሸነፈ። ሻምበሉ የሞጣውን አምበል ላንድሮቨሩ ላይ አሳፍሮ ሄደ። ውበቴ ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ከተቀመጠበት የሚያነሳው ጠፋ።

ሐኪሙ ጓል እየተወረወረበት ክሊኒኩ ገብቶ በሩን ቆለፈ። ፋንታነሽ «አልለቀውም!» ብላ ብቻዋን ተከተለችው። ሽማግሌዎቹም ይውጣላት ብለው ተዉአት።

ሐኪሙ ከፍቶላት መልሶ ሲዘጋው ጉልበቱ ላይ ወደቀች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሐኪም» አለችው፤ «እንደ ቃልዎ ልጄን አስቀሩልኝ።»