እስክሪብቶ የሚይዘው እጅ

«ግራ ነው ቀኝ?» ብላ ነበር ነርሷ ትናንት፣ ልጅቷ በቃሬዛ ስትገባ። እናትየዋ በድንጋጤ አንደበቷ ተሳሰረ። ከቃሬዛው ግርጌ የቆመው የልጅቷ ባል ነው «ግራ!» ብሎ የገላገላት።

አሁን ጠዋት ነው። ሐኪሙ ከጭኗ ላይኛው ጫፍ የተሰበረውን አጥንት፣ በውስጡ ረጅም ብረት አስገብቶ በብሎን እንደሚያስረው ነግሯቸው ወጥቷል። ልጅቷ በማስታገሻው ደንዝዛ ታንቀላፋለች። ባልየው የቀዶ ጥገናውን የፈቃድ ወረቀት ፈርሞ ጨርሷል። የቀረው የምስክር ፊርማ ነው፤ የእናትየዋ።

«ጣትዎን ቀለሙ ውስጥ ነከር ያድርጉና ይገላገሉ፣ እማማ» ይላል ባልየው። « መኪናዬን መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኳት።»

«አነባለሁ።»

«ኧረ ሳይመሽ!»

እናትየዋ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች ታነባለች። ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ትጠብቃለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ይቆማል። ግራ እግር፣ ይላል።

ቀና ብላ ልጇን ታያለች። ከግርጌ ሲያዩት የተሰበረው እግር በግራ በኩል ነው፤ ልክ ነው። ግን የሆነ ነገር ይከነክናታል። ተነስታ ወደ ራስጌው ትዞራለች፤ ልጇ እንደተኛችው ፊቷን ወደ እግር አድርጋ ትቆማለች። ከዚያ የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪዋ ቀኝን ከግራ ለመለየት እንዳስለመደቻት፣ እስክሪብቶ የምትይዝበትን እጇን ታነሳለች። ያበጠው ጭን በዚያው እጇ በኩል ነው።

«ቀኝ ነው» ትላለች።

ባልየው ይስቃል። «ሁለት ወር ፊደል ቆጥረው ሐኪም ሆኑ እንዴ? እኔ እኮ ነኝ የነገርኳቸው!»

«አንተማ ፊት ለፊት ቆመህ ነዋ፣ ልጄ። እስቲ ና እዚህ ቁም።»

አይንቀሳቀስም። ነርሷ ግን ራጁን ከፖስታው አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ትይዘዋለች። ጠርዙ ላይ ያለውን የቀኝ ምልክት በጣቷ ትነካለች። ከዚያ ወረቀቱን ከእናትየዋ እጅ ቀስ ብላ ወስዳ ለሁለት ትቀደዋለች።

ሐኪሙ ተጠርቶ ይመጣል። ብርድ ልብሱን ገልጦ በቀኝ ጭኗ ላይ በወፍራም ማርከር ቀስት ይስላል።

«ይሄ ነው፣ እናቴ?»

«እሱ ነው።»

አዲሱ ወረቀት ሲመጣ ባልየው በቆመበት ይፈርምና «መኪናዋን አይቼ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። እናትየዋ ከመጀመሪያው መስመር ትጀምራለች፤ መጨረሻው ላይም ስሟን ትጽፋለች።

አልጋው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ተገፍቶ ሲገባ ባልየው አልተመለሰም። እሷ እስክሪብቶውን እንደጨበጠች በሩ ላይ ናት።