«ና» በየአገሩ

ሰሌዳው ሰኞ ተሰቀለ፤ ማክሰኞ ጠዋት በቦታው አልነበረም።

ሐሙስ ሌላ ተሰቀለ። በዚህኛው ጊዜ ክንዴ መደበቅም አላስፈለገው። በጠራራ ፀሐይ፣ ጎብኚ ሁሉ እያየው፣ ሰሌዳውን በመጥረቢያ ፈልጦ ማገዶ አደረገው።

ክንዴ የዘንገና ሐይቅ መግቢያ ዘበኛ ነው። በዚያ ውሃ ዋና ተምሮ ያደገ ሰው ስለሆነ ነው የተቀጠረው። ሰሌዳውን ያሰቀለው ደግሞ ደመወዙን የሚከፍለው የሐይቁ ኮሚቴ ነው። ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፦ «ልጆች ሆይ! አባቱ ‹ና› ሲለው እምቢ ብሎ ሰጥሞ የሞተውን አበረ ክንዴን አስቡ። ወደ ውሃው አትጠጉ።»

አበረ የክንዴ ልጅ ነው። በ2006 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ሞተ። ከአባቱ ሌላ ሲሰጥም ያየ ሰው የለም። የሰማች ግን አለች። ጎረቤታቸው ይታይሽ ከላይ ከጫካው ጥግ ሣር ስታጭድ የክንዴ ድምፅ ከታች ተሰማት። «ና! አይዞህ፣ ና! ና!» ይላል። ቆይቶ ድምፁ ወደ ጩኸት ሲለወጥ ማጭዷን ጥላ ወረደች። ክንዴ እስከ ራሱ ርሶ፣ ልጁን ታቅፎ ዳር ላይ ተቀምጧል። የልጁ ሸሚዝ ቁልፉ እንኳ አልተፈታም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከቆሰበር እስከ ጥሊሊ የሚወራው አንድ ነገር ነው። «አባት ምን ያድርግ? ጠርቶት ነበር። ልጅ አልሰማ ካለ ምን ይደረጋል?»

ለማጽናናት ነው የሚሉት፤ ክፋት የለበትም። ክንዴን የሚያንገበግበው ግን ይኸው ማጽናኛ ነው። ለቅሶው ላይ እንዲህ ያለውን የገዛ ወንድሙን ቢሻውን፣ «ልጄ እምቢ ብሎኝ አያውቅም!» ብሎ ከድንኳኑ አስወጥቶታል። ለቀስተኛው አፉን በነጠላ ይዞ ቀረ።

ከለቅሶው በኋላ ሌላ አመል አወጣ። ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ ባየ ቁጥር አስጎብኚዋን ሶስናን ይጠራና አንዲት ጥያቄ ያስጠይቃል፦ «‹ና› በእናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

ሶስና መጀመሪያ አፍራ ነበር። ኋላ ለመደችው፤ እንዲያውም ጎብኚዎቹ ከሐይቁ ይልቅ ጥያቄውን ሳይወዱት አልቀሩም። ኬንያዊቷ ነርስ «‹እና› ማለት ነው» አለች። አንድ የቡልጋሪያ ሽማግሌ «እኛስ እንካ ስንል ነው» ብለው ብስኩት ዘረጉለት። የመንገድ መሐንዲሱ ኮሪያዊ ደረቱን ነካ፤ «እኔ» ማለቱ ነው። ከወለጋ የመጣው ሾፌር ሳቀና «ለዚህማ ውጭ አገር ምን አስኬደህ? በኦሮምኛ እኔን ማለት ነው» አለ። ከባሕር ዳር የመጣው ህንዳዊ መምህር ደግሞ «አይሆንም፣ አታድርግ ስንል ነው» አለ።

ክንዴ ሁሉንም በአበረ የትምህርት ደብተር ጻፈ። የህንዱን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

የቃሉን ምንጭ ፍለጋ መሪጌታ አስማረ ዘንድም ሄዷል።

«ከግእዙ ‹ነዓ› የመጣ ነው» አሉት። «መጨረሻዋ ፊደል ‹ዓ› በጊዜ ብዛት ተውጣ ነው።»

«ትርጉሙስ?»

«ትርጉሙማ ያው ነው። አልተለወጠም።»

ይህችን ሳይጽፋት ደብተሩን ከደነ።

ሶስና ነገሩ የገባት መሰላት። ልጁ ተጠርቶ ለምን እንዳልመጣ ምክንያት እየፈለገ ነው ብላ አዘነችለት። አንድ ቀን ራሱ ወሬውን አመጣው።

«በእኛው በአገውኛ ብንነጋገር ኖሮ ሌላ ቃል ነበር። ለትምህርቱ ይበጀዋል ብዬ ከልጅነቱ በአማርኛ ብቻ ነበር የማናግረው።»

«በአገውኛ ብጠራው ኖሮ ይሰማኝ ነበር ብለው ነው፣ ጋሽ ክንዴ?»

ደብተሩን ይዞ ወደ መግቢያው ሄደ።

ሁለተኛው ሰሌዳ በተፈለጠ ማግስት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ክንዴም ተጠራ፤ የሰማችውን እንድትናገር ይታይሽም ተጠርታለች።

«ጋሽ ክንዴ፣» አለ ሰብሳቢው ባንተአምላክ፣ «ሰሌዳው ለሌሎቹ ልጆች ሲባል ነው። ሦስተኛውን ከነኩ ሥራዎን ያጣሉ።»

«ሥራችሁን አሁኑኑ ውሰዱት። ሰሌዳው ግን አይሰቀልም።»

«እርስዎን እኮ አልወቀስንም! ጥፋቱ የልጁ ነው ነው ያልነው።»

«እሱን ነው አይሆንም የምላችሁ!» ክንዴ ጠረጴዛውን መታ። «ሦስት ብትሰቅሉ ሦስት እፈልጣለሁ፤ ሠላሳ ብትሰቅሉ ሠላሳ! የሞተ ልጅ አፍ የለውም ብላችሁ ነው? እኔ አለሁለት። እምቢተኛ ተብሎ ስሙ በር ላይ አይንጠለጠልም።»

ይታይሽ እንባዋን ጠረገች። «ክንዴ፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠርተኸዋል። ስለምን ራስህን ትበላለህ?»

«መስማቱንስ ሰምተሻል» አላት። «ዋሽተሻል አላልኩም።»

የባንተአምላክ ትዕግሥት አለቀ። «እንግዲያው እርስዎ ይንገሩን። ምን ተብሎ ይጻፍ?»

ጸሐፊዋ ወረቀት ሳበች። ክንዴ ተነሥቶ ቆመ። ሁሉንም ፊት ለፊት እያያቸው፣ ለእሷ እንዲመቻት ቀስ ብሎ አስጻፈ።

«‹አበረ ክንዴ ዋና አይችልም ነበር፤ ዳር ቆሞ ነበር። አባቱ ከሐይቁ መሀል እየዋኘ «ና» አለው። መጣ።›»