ጣት ማስገባት ክልክል ነው

ሰውየው የተቃጠለውን የመታጠቢያ ቤት አምፖል ሳይቀይር ዓመት አልፎታል። የክብሪት ቀፎ ለምታክል ኤሊ ግን ቤተ መንግሥት ሠራላት። ዝቅ ያለ ሰፊ የመስታወት ገንዳ ሶፋው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ ለብ ያለ ውሃ ሞላበት፣ የምትሞቀው አምፖል ሰቀለላት፣ ወጥታ የምታርፍበት ድንጋይ አኖረላት። ውሃውን በትኩሳት መለኪያ እየለካ ሚስቱን ያስጠነቅቃል፦

«ጣትሽን እንዳታስገቢ! ጀርም ታመጪባታለሽ።»

«እኔ በጆግ እየታጠብኩ ኤሊ ሙቅ ውሃ ይሞላላት?»

ታዲያ አንድ ቀን አማቱ ሞራ የጋረደውን ዓይናቸውን ሊታከሙ ከደብረ ማርቆስ መጡ። «ሥራ ፈት አገባሽ» ብለው ልጃቸውን ካኮረፉ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሠርጉ ላይ እንኳ አልመረቁም። ሰውየው ሻንጣቸውን ጓዳ አስገብቶ ሲመለስ፣ ሶፋው ላይ ተደላድለው ሁለት እግራቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረዋል።

«ተሳስቼ ነበር ልጄ» አሉ ለሚስቱ። «ውሃ አሙቆ፣ መብራት አብርቶ የአማቱን እግር የሚጠብቅ ወንድ ከየት ይገኛል?»

ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ድካምዎ ይውጣ ብዬ ነው፣ እማማ» አለ።

«ተባረክ! ውለዱ፣ ክበዱ! የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋዩን እንኳ አልረሳህም!»

እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሰደው ያገኙትን ጠንካራ ነገር ጨብጠው ተረከዛቸውን አጥብቀው ፈገፈጉ። በእጅ ጣቶቻቸው መካከል አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ብቅ አለች።

«አሜን» አለ ሰውየው።

እሳቸውም ሌላውን እግር አነሱ።