የአቢጋኤል ገጽ

አቢጋኤል ከሞተች በአራተኛው ወር ለእህቷ ለኑሃሚን በፌስቡክ መልእክት ላከች።

«በላህ?» ይላል።

ኑሃሚን ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ስሙ የእህቷ ነው። ፎቶውም ዓባያ ሐይቅ ዳር የተነሣችው ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት እናቷ ወርቂቱ በጋሞኛ፣ ከጓሮ እየገባች። በእጇ የአቢጋኤል ስልክ ይበራል። መስታወቱ ስለተሰነጠቀ ማንም አልፈለገውም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የወርቂቱ የእጅ ባትሪ እሱ ነበር።

«ምንም፣ እማዬ።»

እናቷ የመዝሙር መጽሐፏን ገልጣ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር። ኑሃሚን እንደገና ልታስለቅሳት አልፈለገችም።

መልእክቱ በየምሽቱ ይመጣል። «ፀጉርህን ተሠራህ?» «ብቻህን አታልቅስ።» ማን ነህ ብላ ስትጽፍ፣ «እህትህ ነኝ» ይላታል። ደግነቱ ሁልጊዜ እናቷ ጓሮ ስትሆን ነው የሚደርሰው፤ ፊቷን መደበቅ አላስፈለጋትም።

አቢጋኤል ግን እንዲህ አትጽፍም ነበር። ሴቱን አንተ፣ ወንዱን አንቺ የሚል ሰው ኑሃሚን ታውቃለች፤ የእህቷ እጮኛ ጢሞቴዎስ። በጋሞኛ አፉን የፈታ፣ ከደጋው ከገረሴ ወርዶ ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ የሚነዳ ነው። ጓደኞቹ፣ «ጢሞ ሲጠራን ቀሚስ ያለብሰናል» እያሉ ይስቁበታል። የአቢጋኤልን የይለፍ ቃል እንደሚያውቅም ደብቆ አያውቅም።

ኑሃሚን ሰው ፊት መናገር የምታፍር ልጅ ናት። እንደዚያም ሆኖ ሄዳ ባጃጁ ፊት ቆመች።

«በእህቴ ስም አትጻፍብኝ!»

«ምን ትላለህ፣ ኑሃሚን? እሷን ቀብሬ በእሷ አፍ ላወራ?»

«ይኸው! አሁንም ‹ትላለህ›!»

ከዚያው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሰሰች። «በሌላ ሰው ስም መጻፍ ያስጠይቃል» አላት ተረኛው ፖሊስ፤ «የሞተችም ብትሆን።» ጢሞቴዎስን ከነስልኩ ወሰዱት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

የዚያን ቀን ማታ መልእክት አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ኑሃሚን እንዳልተሳሳተች እርግጠኛ ሆነች። ግን ጾሟን ስትተኛ፣ በላህ ብሎ የሚጠይቃት እንደሌለ ታወቃት። ተሸፋፍና አለቀሰች።

እናቷም የቀረበላትን የሀሌኮ ጎመን አልነካችም።

«ልጁን ምን ያደርጉታል?»

«ፍርድ ቤት ያቀርቡታል። ይታሰራል፣ እማዬ። የእጁን ነው ያገኘው።»

ወርቂቱ ገበታውን አነሣች። ሲነጋ ነጠላዋን አጣፋች፤ የተሰነጠቀውን ስልክ ከትራሷ ሥር አውጥታ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«በቀን ባትሪ ምን ያደርግልሻል?» አለቻት ኑሃሚን።

«ጣቢያ ውሰጂኝ» አለች እናቷ።

ኑሃሚን እናቷ ልጁን ልትረግመው ነው ብላ ፈራች። የጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ እጇን ያዘቻት። «አትርገሚው፣ እማዬ። ሕጉ ይበቃዋል።»

ፖሊሱ ተነሥቶ ወንበር አቀረበ። «ምን ልርዳዎት፣ እናቴ?»

ወርቂቱ አልተቀመጠችም። ስልኩን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ከገበያ ውጭ ተናግራው በማታውቀው አማርኛ አፏን ከፈተች።

«ልጁን ልቀቂው፣ ጌታዬ። አቢጋኤል እኔ ነኝ።»