ወንዙ ከዳነ በኋላ

በአዲሱ ሕግ ወረዳው ለወንዝ ማገገሚያ ገንዘብ የሚሰጠው፣ ሰፈርተኛው ለሠላሳ ዓመት ውሃውን ላይነካ ከፈረመ ብቻ ነው። በዕድራችን ስም የፈረሙት እትዬ ቤዛዊት ናቸው፤ ያኔ ሰባን አልፈው ነበር።

ዛሬ ውሃው ጠጠሩ እስኪታይ ጠርቷል። በልጅነታቸው እግራቸውን ነክረው ጋቢ ያጥቡበት ነበር። አሁን ሳፋቸውን ወንዙን በከለለው አጥር ሥር ያስቀምጡና፣ ጆሯቸውን ለወንዙ ሰጥተው ያጥባሉ።

«ፈርመሽ ስታበቂ ምን ያስተክዝሻል?» አሏቸው ባለቤታቸው ጋሽ ናትናኤል።

«እንዲድን ብዬ ነዋ የፈረምኩት» አሉ። «ሲድን እንዲህ እንደሚያምር መቼ አወቅሁ?»

ከዚያ ከጆጉ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ቀዱና በአጥሩ ሥር ቁልቁል ወደ ወንዙ ለቀቁት።

«ሂድ» አሉት ቀስ ብለው፣ «አንተን የሚከለክልህ የለም።»